መድኃኒቴን አላቋረጥኩም

የሳንባ ነቀርሳ፣ በተለምዶ ቲቢ የምንለው በሽታ ይዞኝ ነበር። አሁን ድኛለሁ። መዳኔን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ እስከ መጨረሻው በጭንቀት እንዳይከተለኝ ነው፤ እኔም በዚያን ጊዜ የሌላ ሰው ታሪክ ሳገኝ መጀመሪያ የምፈልገው መጨረሻውን ነበር። ይሁንና የምጽፈው መዳኔን ለማብሰር ብቻ አይደለም። መድኃኒቱን በሥርዓት እየዋጠ የማይሻለው፣ ቤተሰቡም ሐኪሙም «አቋርጠሃል» የሚሉት ሰው ዛሬም አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ለእሱ ነው።

ሰዒድ እባላለሁ። ወላጆቼ ከወሎ ለንግድ መጥተው ጅግጅጋ ቀሩ፤ እኔም እዚያው ተወልጄ አደግሁ። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ ገበያው ውስጥ ያለችውን የጨርቅ ሱቅ ብቻዋን ትይዛለች። እኔ ቱሊ ጉሌድ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሳምንቱ ሲጀምር በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ ሲያልቅ ወደ እናቴ እመለሳለሁ። በሽታው የጀመረኝ የኮሮና ፍርሃት ጋብ ብሎ ሰዉ ጭምብሉን አገጩ ላይ ማንጠልጠል በጀመረበት ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ሳል ነበር፤ ደረቅና ትንሽ። ከጠመኔ አቧራ ነው ብዬ ተውኩት። በእኛ አገር ነፋሱም አያርፍም፤ አቧራ ያልዋጠ ሰው የለም። ሳሉ ሳምንታት ሲቆይ ግን ተማሪዎቼ ስም አወጡልኝ። በሶማሌዎች ዘንድ ቅጽል ስም ማውጣት የተለመደ ነው፤ ረጅሙ «ረጅሙ»፣ አንካሳው «አንካሳው» ይባላል፣ ተቀያሚም የለም። እኔ «መዓሊን ቁፋዕ» ተባልኩ። መዓሊን መምህር ማለት ነው፣ ቁፋዕ ደግሞ ሳል። አሁን ሳስበው ከሁሉም ቀድመው የመረመሩኝ ተማሪዎቼ ነበሩ።

ከዚያ ማታ ማታ ትኩሳት መጣ። አንሶላዬ በላብ ይርሳል። ምግብ አፌ ውስጥ እንደ አሸዋ ይሆንብኛል። ሱሪዬ አልቆም ሲለኝ ቀበቶዬን በሚስማር በሳሁት። ጅግጅጋ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ፤ ደም ሰጠሁ፤ ታይፎይድና ታይፈስ አብረው ተገኝተውብሃል ተባልኩ። ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ሄዶ ይህን ሳይባል የወጣ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። የታዘዘልኝን ውጬ ጨረስኩ፣ አልተሻለኝም። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ ያለው ሐኪም የግመል ወተት ሳይፈላ ትጠጣለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቱሊ ጉሌድ ውስጥ የግመል ወተት የሚያፈላ ሰው ስለማላውቅ አዎ አልኩ። እንግዲያው ከወተት የሚመጣ የከብት በሽታ ነው አለኝና ለእሱም ረጅም መድኃኒት ያዘልኝ። በመካከሉ የኮሮና ምርመራ አደረግሁ፤ ነፃ ነህ ተባልኩ። ደመወዜ በየክሊኒኩ ደጃፍ አለቀ። የደረት ምርመራ ማንም አላዘዘልኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

እናቴ ደግሞ የራሷ ምርመራ ነበራት። ሌሊት የማይተኛ፣ ምግብ የማይቀምስ፣ ዓይኑ የጎደጎደ ወጣት በእኛ ከተማ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ጫት ጀምሯል ማለት ነው። በሕይወቴ ቅጠሉን ቀምሼ አላውቅም። እሷ ግን ከቱሊ ጉሌድ በተመለስኩ ቁጥር ጃኬቴን ለማጠብ ብላ ትወስድና ኪሱን ገልብጣ ታሸተዋለች። ምንም ስታጣ እፎይ ከማለት ይልቅ ይበልጥ ትጨነቅ ነበር፤ መደበቅ ተምሯል ብላ።

አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ ሳስል መሐረቤ ላይ ደም አየሁ። ተማሪዎቹ እንዳያዩት አጥፌ ኪሴ ከተትኩትና ትምህርቱን ቀጠልኩ። ስለ ምን እንዳስተማርኩ ግን አላስታውስም።

በማግስቱ ጅግጅጋ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የቲቢ ክፍሉን የሚይዙት ሲስተር ሆዳን ይባላሉ፤ በእናቴ ዕድሜ ያሉ፣ ንግግራቸው አጭር፣ ሁልጊዜ የደከማቸው ሴት ናቸው። ትንሽ ዕቃ ሰጥተውኝ አክታ አምጣ አሉኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ፤ አክታና ምራቅ አንድ አይደሉም። ምራቅ ከአፍ ነው፣ አክታ ከደረት። ሰው ፊት ማሳሉን አፍሮ ምራቁን እንትፍ ብሎ የሚሰጥ ሰው በሽታው እያለበት የለህም ይባላል። እኔ ከግቢው ጀርባ ሄጄ ጎኔን እስኪያመኝ ሳልኩ።

ውጤቱ ሲመጣ ሲስተር ሆዳን በሩን ገርበብ አድርገው አስቀመጡኝ። ቲቢ ነው አሉኝ። ቀጥለው ግን ማሽኑ መድኃኒቱ እንደሚሠራልህ አይቷል፣ ጥሩ ዜና ነው አሉ። ያንን «ጥሩ ዜና» ይዤ ስወጣ እግሬ ቀለለኝ። ቢያንስ የበሽታዬን ስም አወቅሁ።

ማሽኑ እንዴት እንዳወቀ ልንገራችሁ፤ ታሪኬ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። የማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር ዘረ መል በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ በጣም ረጅም ጽሑፍ ነው እንበል። እያንዳንዱ ፊደል የሚጣመረው ከአንድ ፊደል ጋር ብቻ ነው። ስለዚህ የምንፈልገውን ቃል ካወቅን የዚያን ቃል ጥማድ የሆነ አጭር ቁራጭ በላቦራቶሪ ሠርተን አክታው ውስጥ መላክ እንችላለን። ይህ ቁራጭ ፕሮብ ይባላል፤ እኔ ለተማሪዎቼ «ፈላጊ» እለዋለሁ። ፈላጊው ጥማዱን ሲያገኝ ይጣበቃል፣ ሲጣበቅ ደግሞ ብርሃን ይሰጣል። ካላገኘ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። በእኔ አክታ ውስጥ የተላኩት ፈላጊዎች ሁሉ አበሩ። ጀርሙ አለ፤ መድኃኒቱን የሚመለከተው የጽሑፉ ክፍልም አልተለወጠም ማለት ነው። ጽሑፉ ከተለወጠ ጀርሙ መድኃኒቱን ለምዷል፣ አይሞትም ማለት ይሆን ነበር።

ሕክምናው ነፃ ነው። ለጊዜው ከትምህርት ቤት ቀርቼ በየማለዳው ጤና ጣቢያ እየሄድኩ ሲስተር ሆዳን እያዩኝ እውጥ ጀመር። ቲቢ ያለብን ሰዎች የምንጠብቀው ውስጥ ሳይሆን ውጭ፣ ከግንቡ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ነው። ነፋሱ ከፊት ይመጣል፣ ግንቡ ከኋላ ይቀዘቅዛል። የጽዳት ሠራተኛዋ በየማለዳው አግዳሚውን ፀሐይ ወዳለበት ትጎትትልን ነበር፤ ማንም አላዘዛትም። በር ላይ ሻሂ የምትሸጠው ሴት ደግሞ ለእኔ የለየችው ብርጭቆ ነበራት፣ እጀታው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት። መጀመሪያ ቀን ክሩን ሳየው ልቤ ተሰበረ። በኋላ ግን ሌላው ሻጭ ጨርሶ እንደማይቀዳልን ሳይ ያ ክር ቸርነት መሆኑ ገባኝ።

አግዳሚው ላይ ጎረቤቴ አዴር ዋርሳሜ ነበሩ። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። የግመል ደላላ ናቸው፤ ሲያስሉም ዋጋ የሚጠሩ ይመስላሉ። መጀመሪያ ያዩኝ ቀን ከእግሬ እስከ ራሴ ገመቱኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መዓሊን፣ አንተን ገበያ ባወጣህ እኔን ነው የሚያስሩኝ» አሉኝ። «ይሄ ግመል አይደለም፣ የግመል አጥንት ነው ይሉኛል።»

እሳቸው በየሳምንቱ ፊታቸው እየሞላ ሄደ። እኔም መጀመሪያ ላይ ሳሌ ትንሽ ቀለል አለኝ። ጥቂት ሳምንታት እንደተቆጠሩ ረመዳን ገባ። በረመዳን የሥራ ሰዓት ይቀየራል፣ ሰዉም ይደክማል። ሲስተር ሆዳን ለእኔ የሳምንት የሳምንቱን መድኃኒት በእጄ ይሰጡኝ ጀመር። ተማሪዎቼ ፈተና ስለቀረባቸውና ወደ ሰው የማስተላለፍበት ጊዜ አልፏል ስለተባልኩ ይዤው ቱሊ ጉሌድ ሄድኩ። ሲያሰናብቱኝ አጥብቀው የነገሩኝ እንዳልጾም ነው፤ መድኃኒቱ ያቅለሸልሸኝ ነበር፣ ክብደቴም ገና አልተመለሰም። በሽተኛ መሆኔ ይቅርታ እንዳለው የሃይማኖት አዋቂዎችም ነግረውኛል። ስለዚህ በየማለዳው በልክ በሰዓቱ ዋጥኩ።

ግን በሬን ዘግቼ ነው። የጾመኛ ከተማ ውስጥ የሚያድር ሰው ይገባዋል። ይቅርታ ያለው በሽተኛም ቢሆን ሰው ፊት ብርጭቆ አያነሳም፤ ነውር ነው፣ የጾመኛውንም ጉሮሮ ያደርቃል። ውሃዬን ከአልጋዬ ሥር በጀሪካን አስቀምጣለሁ፤ ክኒኔን እውጣለሁ፤ ዳቦዬን ድምፅ ሳላሰማ እበላለሁ፤ አፌን ጠርጌ ወደ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። አከራዬ ኤዶ ሉል (ኤዶ አክስት ማለት ነው)፣ ባላቸው የሞቱባቸው ደግ ሴት፣ ማታ ማታ የማፍጠሪያ ሾርባ ይልኩልኝ ነበር። እኔም አመስግኜ እቀበላለሁ። በሽተኛ ነኝና ቀን በልቻለሁ ብዬ ምን አስረዳለሁ?

ረመዳን ካለቀ በኋላ ለክትትል አክታ ሰጠሁ። ጀርሙ አሁንም አለ። ሳሌም ተመልሶ ነበር። ሲስተር ሆዳን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«መምህር፣ እውነቱን ንገረኝ። መድኃኒቱን አቋርጠሃል?»

አንድም ቀን አላቋረጥኩም አልኩ።

«ማሽኑ መድኃኒቱ ይሠራል ብሏል። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ ያልሠራኸው አንተ ነህ።»

ይህን ያሉኝ በክፋት አይደለም። መድኃኒት እያቋረጡ የሞቱ ብዙ ሰዎች አይተዋል። እኔ ግን እንደ ተማሪ መከራከር ጀመርኩ። ከምንውጣቸው መድኃኒቶች አንዱ ሽንትን እንደ ብርቱካን ለስላሳ ያቀላል፤ ሽንቴን ይመርምሩት አልኩ። ዛሬ መዋጥህን እንጂ ረመዳንን አይነግረኝም ብለው ዘጉት። ልክ ነበሩ።

ይባስ ብሎ ኤዶ ሉል ለዕቃ ግዢ ጅግጅጋ መጥተው እናቴ ሱቅ ገቡ። እኔም ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። እናቴን ሊያስደስቱ ብለው ያወድሱኝ ጀመር።

«ልጅሽ ወርቅ ነው» አሉ። «እንደዚያ እያሳለው ረመዳንን ሙሉ ጾመ። አንድ ቀን ውሃ ሲቀምስ ዓይኔ አላየም። ወላሂ እኔ ራሴ አፈርኩ።»

እናቴ ጨርቅ እየለካች ነበር። እጇ ቆመ። ኤዶ ሉል እስኪወጡ ፈገግ ብላ ሸኘቻቸው፣ ከዚያ መጋረጃውን ጎተተች። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ በሩን፣ ጀሪካኑን፣ ዳቦውን። እየሰማችኝ ፊቷ አልተለወጠም። ምስክሬ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የኤዶ ሉል ምስክርነት ደግሞ በመሐላ የታሰረ ነው።

«ለአላህ ብለህ ከሆነ አላህ ይቅር ብሎህ ነበር» አለችኝ። «እኔን ለምን ትዋሸኛለህ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ መድኃኒቴን የያዘችው እሷ ሆነች። ትምህርት ቤቱ የሕመም ፈቃድ ሰጠኝና ጅግጅጋ ቀረሁ። ጠዋት ጠዋት እናቴ ክኒኑንና ውሃውን ይዛ አልጋዬ ፊት ትቆማለች። እውጣለሁ። «ክፈት» ትለኛለች፤ አፌን እከፍታለሁ። «ምላስህን አንሳ» ትላለች፤ አነሳለሁ። መስኮቱ ወዳለበት ፊቴን አዙራ ታያለች። አርባ ተማሪ ዝም ብሎ የሚሰማኝ ሰው በእናቴ ፊት ምላሴን አንስቼ እቀመጣለሁ። አልተቆጣሁም፤ ለመቆጣት የሚሆን ጉልበትም አልነበረኝም። ክኒኑ በዓይኗ ሥር እየገባ እኔ አሁንም እየከሳሁ ስሄድ ደግሞ ውጪ ወጥቼ የማስታውከው መሰላት። መጸዳጃ ቤት ስገባ በሩ አጠገብ የነጠላ ጫማዋን ኮቴ እሰማ ነበር።

የዚያን ጊዜ ሌሊቶች በዝርዝር አልጽፋቸውም። የምፈራው ሞትን ብቻ አልነበረም። ሳልታመን መሞትን ነበር። እናቴ ከቀብሬ ተመልሳ «ምነው ባላቋረጠ» ስትል ይታየኝ ነበር።

ሲስተር ሆዳን አክታዬን ድጋሚ ወደ ማሽኑ ላኩት። መልሱ ያው ነው፤ ጀርሙ አለ፣ መድኃኒቱ ይሠራል። ለእኔ ያ ወረቀት ሁለተኛ ፍርድ ነበር።

በዚያው ሳምንት አዴር ዋርሳሜ የመጨረሻ መድኃኒታቸውን ሊወስዱ መጥተው አግዳሚው ላይ ተገናኘን። ወፍረዋል፤ ኮታቸው ጠቧቸዋል። ሰው የሚያወራኝ ስላጣሁ ነው መሰለኝ ስለ ማሽኑ ማስረዳት ጀመርኩ። ፊደሉን፣ ጥማዱን፣ ፈላጊውን ሁሉ ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ሱማድ ነው የምትለው» አሉኝ። ሱማድ ግመል ላይ በጋለ ብረት የሚደረግ ምልክት ነው፤ እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ አለው። ግመል የጠፋበት ሰው ገበያ ሲመጣ መንጋው ውስጥ ይገባና የራሱን ሱማድ ብቻ ይፈልጋል።

እንደዚያ ነው አልኩ ደስ ብሎኝ፤ በክፍል ውስጥ ልጠቀምበት አሰብኩ። ፈላጊውም የተላከበትን ምልክት ብቻ ነው የሚያየው፤ ሌላው ግመል ሁሉ ቢሰረቅ እንኳ እሱ አያውቅም፣ አልተጠየቀምና...

እዚያ ላይ ቆምኩ። አስተማሪ የሆነ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አንዳንዴ ነገሩ የሚገባህ ለሌላ ስታስረዳ አፍህ ውስጥ ነው። ሕክምናዬን የጀመርኩበት ክኒን አንድ መድኃኒት አልነበረም። አራት መድኃኒቶች አንድ ላይ ተጨምቀው ነበር፤ አሁን የምውጠውም ሁለቱን ይዟል። ማሽኑ ይሠራል ያለው የትኛውን ነው?

አዴር ዋርሳሜ ምን ነካህ ሲሉኝ ከአግዳሚው ተነሥቼ ነበር። ተራዬ ሳይደርስ ገባሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም። ሲስተር ሆዳን ሌላ ታካሚ ፊታቸው ተቀምጦ ነበር።

«ሲስተር፣ ማሽኑ የጠየቀው ስለ ስንቱ መድኃኒት ነው?» አልኳቸው።

ሊቆጡኝ አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ ተዉት። ስለ ሪፋምፒሲን ብቻ ነው አሉ። ሪፋምፒሲን ከአራቱ ዋነኛው ነው፤ እሱ ከሠራ ብዙውን ጊዜ ሌሎቹም ይሠራሉ። ብዙውን ጊዜ። ይህን ሁለተኛ ጊዜ ሲናገሩት ድምፃቸው ዝቅ አለ። ታካሚውን ይቅርታ ጠይቀው ከመሳቢያው ሌላ ዕቃ አወጡልኝ።

ሌሎቹን መድኃኒቶች የሚጠይቅ ምርመራ ነበር፤ ግን ሐረር ተልኮ ነው የሚሠራው። አክታዬ በበረዶ ሣጥን ተጭኖ ሄደ። ስንጠብቅ ከርመን መንገድ ላይ ፈሶ ደርሷል፣ ድጋሚ ላኩ የሚል መልስ መጣ። ድጋሚ ሰጠሁ። ደግሞ መኪና ጠፋ። ከዚያ መንገዱ ለጥቂት ቀናት ተዘጋ። በዚህ ሁሉ መካከል ጠዋት ጠዋት ምላሴን አነሳ ነበር። የዚያን ጊዜ ድካም ከበሽታው ይሁን ከመጠበቁ መለየት አልችልም።

በመጨረሻ ሲስተር ሆዳን ስልክ ደውለው ሐረር ሂድ፣ ሐኪሞቹ ሊያዩህ ይፈልጋሉ አሉኝ። እዚያ ሐኪሙ ነገሩን በአጭሩ ነገረኝ። ከአራቱ መድኃኒቶች አንዱ፣ አይሶናያዚድ የሚባለው፣ በእኔ ጀርም ላይ አይሠራም። ጀርሙ ወደ እኔ ሲመጣ ጀምሮ ለምዶት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ያመጣሁት ላይሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አልፈው ከአራቱ ወደ ሁለቱ ስሻገር ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ያው የማይሠራው ነበር። በአንድ እግሬ ስሮጥ ከርሜያለሁ።

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ ምርመራው እንዴት እንደሚታይ ላየው እችላለሁ ወይ ብዬ ለመንኩ። የላቦራቶሪ ባለሙያው ወጣት ነበር፣ ሳቀብኝና ከመስኮቱ ማዶ ሆኖ አሳየኝ። ጣት የማታህል ቀጭን ነጭ ቁራጭ ናት። በላይዋ ፈላጊዎቹ ተራ በተራ በመስመር ተለጥፈዋል። የታካሚው ዘረ መል ሲፈስባት ጥማዱን ያገኘው መስመር ላይ ቀለም ይወጣል። ያልተለወጠ ጽሑፍ የራሱ መስመር አለው፤ የተለወጠውም የራሱ። ባለሙያው በእስክሪብቶው ጫፍ ጠቆመኝ። ለአይሶናያዚድ ያልተለወጠው መስመር ሊወጣበት የሚገባው ቦታ ባዶ ነበር፤ ከሱ ዝቅ ብሎ የተለወጠው መስመር ደምቆ ወጥቷል። ብዙ ቆሜ አየኋት። ያቺ ባዶ ቦታ የእኔ ረመዳን ናት አልኩ በልቤ። ዘግቼው የነበረው በር ተከፈተ።

አዲስ መድኃኒት ታዘዘልኝ። የማይሠራው ወጥቶ ሊቮፍሎክሳሲን የሚባል ሌላ ገባበት፤ ከመጀመሪያዎቹ አራት የቀሩት ሦስቱም አብረውት ተሰጡኝ። መርፌ የለውም፣ በአፍ ብቻ ነው። ጅግጅጋ ስመለስ ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት መንገዱን ሙሉ ሳሰላስል መጣሁ። ፊደሉን፣ ጥማዱን፣ መስመሩን አስረዳታለሁ ብዬ ነበር። አላስፈለገም። በማግስቱ ሲስተር ሆዳን የምሳ ሰዓታቸውን ትተው ሱቃችን መጡ። ሻሂ ልናመጣ ስንል እምቢ አሉ፣ አልተቀመጡም።

«ልጅሽ አላቋረጠም» አሏት እናቴን። «አንዱ መድኃኒት አልሠራለትም። እኔም አላመንኩትም ነበር።»

ይህንኑ ብቻ ተናግረው ለአንቺም ምርመራ ስለሚያስፈልግሽ ነገ ነይ አሏትና ወጡ።  ባንኮኒው ላይ የተዘረጋ ጨርቅ ነበር፤ እናቴ አጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው።

አዲሱ መድኃኒት በሳምንታት ውስጥ ለውጥ አሳየ። መጀመሪያ ላቡ ቆመ፣ ከዚያ ሳሉ፤ ቀስ ብሎ ምግብ ምግብ ሆነ። የእናቴ ምርመራ ነፃ መጣ። ወራቱን በድካም ጨረስኩ፤ መገጣጠሚያዬን ያመኝ ነበር፣ ፀሐይ ፊቴን ታቃጥለኝ ነበር፣ ግን የመጨረሻው አክታ ንጹሕ ነበር። ቱሊ ጉሌድ ስመለስ ተማሪዎቼ አሁንም መዓሊን ቁፋዕ ይሉኛል። ሳሌ ጠፍቷል፣ ስሙ ግን ቀርቷል። ኤዶ ሉል ነገሩን ሲሰሙ እየሳቁ ደረታቸውን ያዙ፤ በሚቀጥለው ረመዳን ውሃህን በረንዳዬ ላይ ነው የምትጠጣው ብለው አዘዙኝ። አዴር ዋርሳሜን ደግሞ የከብት ገበያው ጋ አገኘኋቸው፤ ዞሩኝና አሁን ያለ ደላላም ትሸጣለህ አሉኝ።

ለሚያነብ ታማሚ የምለው ጥቂት ነው። ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ ታይፎይድ ነው ሲሉህ አመስግነህ ውጣና የአክታ ምርመራ ጠይቅ። መድኃኒቱን ስትውጥ ሰው ይይህ፤ ነውር አይደለም። ውጠህም ካልተሻለህ፣ ምርመራው የጠየቀው ስለ የትኛው መድኃኒት እንደሆነ በትሕትና ጠይቅ። ምርመራው አይዋሽም፤ የሚመልሰው ግን የተጠየቀውን ብቻ ነው። ለቤተሰብ የምለው ደግሞ፣ ማየታችሁ ያድናል፣ አትተዉት። ነገር ግን ሰውዬው አላቋረጥኩም ሲል አንድ ቀን እውነት ሊሆን እንደሚችል ትንሽ ቦታ ተዉለት።

ሰዎች የዳንኩበትን ቀን ይጠይቁኛል። የመጨረሻው ውጤት የመጣበትን ቀን እነግራቸዋለሁ፤ ልክ ነው። እኔ የማስታውሰው ግን ሌላ ጠዋት ነው፤ ሲስተር ሆዳን ሱቅ በመጡ ማግስት። እናቴ እንደ ወትሮው ክኒኑንና ውሃውን ይዛ ገባች። አልጋዬ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። እኔ እንደ ወትሮው ዋጥኩ፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ አፌን ከፈትኩ፤ ምላሴን አነሳሁ።

«ክፈት» ያለኝ እንዳልነበረ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ዘወር ስል ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። የነጠላ ጫማዋ ኮቴ ከግቢው ወጥቶ ወደ ሱቁ እየራቀ ነበር።